መረብ በስፖርት ሜዳ፦ የረገበውና የተወጠረው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2013 በጀርመን ቡንደስሊጋ ሆፈንሃይም ባየር ሌቨርኩሰንን በሜዳው አስተናገደ። በሁለተኛው አጋማሽ የሌቨርኩሰኑ አጥቂ ሽቴፋን ኪስሊንግ ከማዕዘን የተሻማችለትን ኳስ በግንባሩ ገጫት። ኳሷ ከቋሚው ብረት ውጭ አለፈች፤ ኪስሊንግም መሳቱን ተረድቶ ፊቱን አዞረ። ወዲያው ግን ኳሷ መረቡ ውስጥ ተቀምጣ ታየችና ዳኛው ጎሉን አጸደቁ። ነገሩ ሲጣራ በጎን በኩል ያለው መረብ ቀዳዳ ነበረው፤ ኳሷ በዚያ ሾልካ ነበር የገባችው። ጨዋታው በሌቨርኩሰን 2 ለ 1 አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ሆፈንሃይም ጨዋታው ይደገምልኝ ብሎ ቢያመለክትም የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን የስፖርት ፍርድ ቤት የዳኛው ውሳኔ ይጸናል ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ጥቂት የተበጠሱ ሲባጎዎች የአንድን ትልቅ ሊግ ጨዋታ ውጤት ወሰኑ ማለት ነው። በዘመኑ የነበሩት ካሜራዎች ሁሉ እውነቱን ለተመልካች ደጋግመው እያሳዩ፣ ዳኛው የተማመኑት በመረቡ ነበር። መረብ በስፖርት ውስጥ ምን ያህል ከባድ ኃላፊነት እንደተጣለበት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መረብ በብዙ የስፖርት ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል፤ የሚሠራው ሥራ ግን ባብዛኛው ከሦስት አይዘልም። አንዳንዱ ኳሷ መግባቷን ይመሰክራል፣ አንዳንዱ ሁለት ተጋጣሚዎችን በድንበር ይለያል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰውን ከአደጋ ያድናል። ሦስቱም ከገመድና ከቋጠሮ የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ አንዱን አውርዶ በሌላው ቦታ መስቀል የማይቻለው ለምንድን ነው? መልሱ ከሁሉ በፊት ያለው በአሰቃቀላቸው ነው። አንዱ መረብ መርገብ አለበት፣ ሌላው መወጠር አለበት፤ ይህ ልክ ሲዛባ ጨዋታው ራሱ ይዛባል።

ምስክሩ መረብ

ዘመናዊው እግር ኳስ በእንግሊዝ አገር ሕግ ወጥቶለት መካሄድ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ግቡ መረብ አልነበረውም። ኳስ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አለፈች ወይስ በጎን ወጣች የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በዳኛው ዓይን፣ በተጫዋቾች ጩኸትና በተመልካቹ ቁጣ ነበር። ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ በጨርቅ ኳስ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይህን ጭቅጭቅ ያውቀዋል፦ «ገብቷል!» «አልገባም፣ በድንጋዩ ላይ ነው ያለፈው!» እየተባለ ጨዋታው የሚቆመው ኳሷ ከድንጋዮቹ ኋላ የሚይዛት ነገር ስለሌለ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው በሊቨርፑል ከተማ ይኖር የነበረ ጆን አሌክሳንደር ብሮዲ የተባለ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤቨርተን ከአክሪንግተን ጋር ባደረገው ጨዋታ አንድ ጎል ሳይጸድቅ በመቅረቱ ብዙ ክርክር ተነሣ። ብሮዲም ከግቡ በስተጀርባ መረብ የመስቀልን ሐሳብ አመነጨና የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ላይ በኖቲንግሃም ከተማ የሰሜንና የደቡብ ምርጦች ሲጋጠሙ ተሞከረ፤ በቀጣዩ ዓመት ዌስት ብሮሚች አልቢዮን አስቶን ቪላን 3 ለ 0 ባሸነፈበት የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተሰቀለ። ብሮዲ ኋላ የሊቨርፑል ከተማ ዋና መሐንዲስ ሆኗል፤ በመርሲ ወንዝ ሥር በሚያልፈው የመኪና ዋሻ ሥራም ተሳትፏል። ዋሻውን የሚያውቀው የከተማዋ ነዋሪ ነው፤ መረቡን ግን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ መረብ እንዴት መሰቀል እንዳለበት ለማወቅ ከሥራው መነሣት ይበጃል። ሥራው ኳሷ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት ባለው ክፈፍ ውስጥ ማለፏን ማሳየት ነው። ይህን የሚያደርገው ኳሷን ይዞ በማስቀረት ነው። ስለዚህ መርገብ አለበት። እጅግ የተወጠረ የግብ መረብ ኳሷን መልሶ ወደ ሜዳ ይወረውራታል፤ ያን ጊዜ ብረት ነክታ ይሁን መረብ ነክታ የተመለሰችው መለየት ያስቸግራል። እጅግ ሲረግብም በግብ ጠባቂው ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል፤ የጨዋታው ሕግም መረቡ ግብ ጠባቂውን ማወክ የለበትም ይላል። የሚገርመው ያው ሕግ መረብን «ሊሰቀል ይችላል» ብሎ ይፈቅዳል እንጂ በግድ አያዝዝም። ግዴታ የሚያደርጉት የየውድድሩ ደንቦች ናቸው።

ቀድሞ መረቡን ከኋላ ለመደገፍ ከቋሚዎቹ ጋር የተያያዙ ጠማማ ብረቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የክሪስታል ፓላሱ ክላይቭ አለን በኮቨንትሪ ላይ ከቅጣት ምት የመታት ኳስ ግቡ ውስጥ ገብታ ያንን የውስጥ ብረት ገጨችና ተመልሳ ወጣች። ዳኛው አግዳሚውን ወይም ቋሚውን የነካች መስሏቸው ጨዋታው ይቀጥል አሉ። ያ ኳስ ጎል ሳይባል ቀረ። ዛሬ በትልልቅ ስታዲየሞች መረቡ ከግቡ በስተኋላ ራቅ ብለው በቆሙ ሁለት ምሰሶዎች በገመድ የሚሳበው፣ በውስጡም ምንም ብረት የማይኖረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለዓይን ማማር ብቻ የተደረገ አይደለም።

ምስክር ቢኖርም የሚጠይቀው ከሌለ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የባየርን ሙኒኩ ቶማስ ሄልመር ከኑረንበርግ ጋር ሲጫወቱ ከግቡ አፍ ላይ የነካት ኳስ በቋሚው ውጭ ወጣች። መረቡ ውስጥ ኳስ አልነበረችም፤ ረዳት ዳኛው ግን ጎል ነው ብለው አሳዩ። ያ ጨዋታ ተሰርዞ እንዲደገም ተወስኖ ባየርን 5 ለ 0 አሸነፈ። የ1994ቱ ተደግሞ የ2013ቱ አለመደገሙ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የሆፈንሃይም ደጋፊዎች ቅሬታ ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ቡንደስሊጋው እ.ኤ.አ. ከ2015–16 የውድድር ዘመን ጀምሮ ኳሷ የጎሉን መስመር ማለፏን ለዳኛው የሚያሳውቀውን የጎል መስመር ቴክኖሎጂ አስገብቷል፤ ዳኞችና ረዳቶቻቸው ግን አሁንም ከጨዋታ በፊት ወደ ግቡ ሄደው መረቡን በእጃቸው እየሳቡ ይፈትሹታል። ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው የሚያልፈው ያ ፍተሻ ከዳኝነት ሥራዎች ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ይመስለኛል።

የቅርጫት ኳስ መረብም ምስክር ነው፤ ይዞ ማስቀረት ግን አይፈቀድለትም። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ጨዋታውን ሲጀምር የሰቀለው የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ነበር። ቅርጫቶቹን የቸነከረው በአዳራሹ ሰገነት ላይ ነው፤ ቁመቱ 10 ጫማ ወይም 3.05 ሜትር ስለነበረ እስከ ዛሬ ያው ሆኖ ቀርቷል። ቅርጫቱ ግን ግርጌው ድፍን ነው። ኳስ በገባ ቁጥር ሰው ወጥቶ ማውረድ ነበረበት። ጥቂት ቆይቶ የብረት ቀለበትና ከሥሩ የተቋጠረ መረብ መጣ፤ ኳሷን ለመጣል ገመድ ይሳባል። በመጨረሻ ግርጌው ተከፈተና ጨዋታው የዛሬውን ፍጥነት አገኘ።

ታዲያ ግርጌው ክፍት ከሆነ መረቡ ለምን አስፈለገ? ኳሷን ለቅጽበት ለመያዝ። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ መረቡ በ12 ቦታ ከቀለበቱ ጋር እንዲታሰር፣ ርዝመቱም ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ያዛል። ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ኳሷ ስታልፍ ትፈተጋለች፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ መረቡም ይነፋል። ዳኛውም ተጫዋቹም ከየትኛውም ማዕዘን ሆነው «ገባች» ለማለት የሚበቃቸው ያ ቅጽበት ነው። የላይኛው ክፍል ጠንከር እንዲል የተደረገውም በምክንያት ነው፤ ያለዚያ መረቡ ወደ ላይ ተገልብጦ በቀለበቱ ላይ ይጠመጠማል ወይም ኳሷን ያንቃታል። መረቡ አልቆ ባዶ ቀለበት በቀረበት የሰፈር ሜዳ የተጫወተ ሰው፣ ቀለበቱን ሳትነካ የገባች ኳስና ጭራሽ ያልደረሰች ኳስ ከሩቅ ለሚያይ እንዴት እንደሚመሳሰሉ ይመሰክራል።

ድንበሩ መረብ

በመረብ ኳስ፣ በሜዳ ቴኒስ፣ በባድሜንተንና በጠረጴዛ ቴኒስ መረቡ የሚገኘው መሐል ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ኳስ እንዲይዝ አይፈለግም፤ በላዩ ማለፍ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። ሥራው ድንበር መሆን ስለሆነ መወጠር አለበት፤ ሆኖም ድንበሮቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይወጠሩም።

መረብ ኳስን እ.ኤ.አ. በ1895 የጀመረው ዊልያም ሞርጋን ሲሆን፣ ቦታው ከስፕሪንግፊልድ ብዙም በማይርቀው ሆልዮክ ከተማ ነበር። የቅርጫት ኳስ መገፋፋት የሚከብዳቸው ጎልማሳ ነጋዴዎች ሳይነካኩ የሚጫወቱት ነገር ፈለገና መረብ አቁሞ ለያያቸው። የመጀመሪያው መረብ ቁመት 1.98 ሜትር ያህል ነበር፤ ከአንድ መካከለኛ ሰው ራስ በጥቂቱ ከፍ ያለ። ዛሬ ለወንዶች 2.43 ሜትር፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው። መሬት ላይ ተቀምጠው ለሚጫወቱት አካል ጉዳተኞች ደግሞ ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ይሆናል። ይህ የቁመት ለውጥ ቀላል ቢመስልም አንድን ጨዋታ ለተለያየ ሰው የሚከፍት በር ነው፤ በትምህርት ቤት ሕፃናትን በአዋቂ መረብ የሚያጫውቱ መምህራን መረቡን ዝቅ ቢያደርጉት ልጆቹ ምን ያህል እንደሚለወጡ ያያሉ።

የመረብ ኳስ መረብ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ9.5 እስከ 10 ሜትር ነው። ቁመቱ የሚለካው ሜዳው መሐል ላይ ነው፤ በሁለቱ ጎኖች ያለው ቁመት እኩል መሆን አለበት፣ ከደንቡ ልክም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። ማለትም መረቡ መሐሉ ላይ ከዚያ በላይ መጉበጥ አይፈቀድለትም። ለዚህም በላይኛው ጠርዝ በነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠንካራ ሽቦ ያልፋል፣ በታችኛው ጠርዝ ገመድ ያልፋል፤ ሁለቱም በምሰሶዎቹ ላይ ተስበው ይታሰራሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የሚታየው የላዩን ብቻ ስቦ የታችኛውን መተው ነው። ያን ጊዜ መረቡ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠልና አንድ ትልቅ የጨዋታው ክፍል ይጠፋል።

ምን ጠፋ? በመረብ ኳስ መረብ የነካች ኳስ አልሞተችም። ቡድኑ ሦስት ንክኪውን ካልጨረሰ ከመረቡ የተመለሰችውን ኳስ ማንሣት ይችላል። ጥሩ ተጫዋች ኳሷ መረቡን የትኛው ቦታ ላይ እንደምትመታ አይቶ ምን እንደምታደርግ አስቀድሞ ያውቃል። ከላይ ነጩ ጨርቅ አጠገብ ከመታች ቁልቁል በመረቡ አጠገብ ትወርዳለች። ከታች ወደ ተወጠረው ገመድ ከቀረበች ግን ወደ ውጭ ትፈናጠራለች። ስለዚህ ተጫዋቹ ጎኑን ለመረቡ ሰጥቶ ዝቅ ይላል፣ ኳሷ እስክትወርድለት ይታገሣል፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ስትል ከሥር ገብቶ ያነሣታል። መጣደፍ እዚህ አይሠራም። የታችኛው ገመድ ካልተወጠረ ግን ኳሷ እንደ ሞተች ቁልቁል ትወድቃለች፤ ይህን ችሎታ መማርም ማሳየትም አይቻልም።

ስለ መረብ መንካት የሚነሣውም ክርክር ብዙ ነው። ደንቡ የሚከለክለው በመረቡ ሁለት ጎን በቆሙት ቀይና ነጭ ዘንጎች (አንቴናዎች) መካከል ያለውን መረብ ኳስ በመጫወት ሂደት ውስጥ ሆኖ መንካትን ነው። አጥቂው የመታት ኳስ መረቡን ገፍታ ተከላካዩን ብታስነካው ግን ጥፋቱ የተከላካዩ አይደለም፤ መረቡ ወደ እሱ መጣ እንጂ እሱ ወደ መረቡ አልሄደም። ይህን ልዩነት ያወቀ ተመልካች ዳኛውን ከመውቀስ ይድናል።

በሜዳ ቴኒስ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው። መረቡ ሆን ተብሎ መሐሉ ላይ ዝቅ ይደረጋል፤ በምሰሶዎቹ በኩል 1.07 ሜትር የነበረው መሐል ላይ ሲደርስ 91.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ አንድ ነጭ ማሰሪያም ወደ መሬት ስቦ ይይዘዋል። የ15 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተጫዋቾች ኳስ በብዛት በሰያፍ የሚመቱት ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው ይኸው ነው። በሰያፍ የተመታች ኳስ የምታልፈው ዝቅ ባለው መሐል በኩል ነው፤ የምትጓዝበት ሜዳም ይረዝማል። የነጠላ ሜዳ ርዝመት 23.77 ሜትር ሲሆን ሰያፉ ግን 25 ሜትር ያልፋል። መስመር ይዛ ቀጥ ብላ የምትሄድ ኳስ ከፍ ያለውን መረብ ተሻግራ አጭር ሜዳ ውስጥ ማረፍ አለባት፤ ስለዚህ ድፍረት ትጠይቃለች። የቴኒስ ስልት ግማሹ ከዚህ ጉብጠት የሚወለድ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰርቭ (ጨዋታ ማስጀመሪያዋ ምት) መረቡን ነክታ ብታልፍ በቴኒስ ይደገማል። ይህን ለማወቅ ቀድሞ አንድ ዳኛ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጦ ጣቱን መረቡ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ጆሮ ያልሰማውን ንዝረት ጣት ይሰማዋል። መረቡ ካልተወጠረ ንዝረቱ እስከ ጣቱ አይደርስም። ኋላ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተካው። በአሜሪካ የከፍተኛው ደረጃ የኮሌጅ ወንዶች ቴኒስ ግን ይህን መደጋገም ጭራሽ አስቀርቶታል፤ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ ተቀባዩ ያቃተውን ሰርቭ «መረብ ነክቷል» ብሎ ማስደገም ይችል ስለነበረ። በመረብ ኳስም ሰርቭ መረብ ነክታ ካለፈች ዛሬ ጨዋታው ይቀጥላል። በባድሜንተንም እንዲሁ። በጠረጴዛ ቴኒስ፣ 15.25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍታ ባላት በዚያች ትንሽ መረብ፣ ሰርቩ ይደገማል።

አዳኙ መረብ

ሦስተኛው ሥራ ተመልካች ብዙም የማያስበው፣ ከሁሉም ግን የከበደው ነው። የመዶሻ ውርወራ ተወዳዳሪ የሚወረውረው የወንዶች መዶሻ (በሽቦ ጫፍ የታሰረ የብረት ኳስ) 7.26 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ወርዋሪው እየተሽከረከረ ሳለ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ከለቀቀው መዶሻው ወደ ዳኞች፣ ወደ ሯጮች ወይም ወደ ተመልካች ይሄዳል። ስለዚህ ወርዋሪው በመረብ አጥር ይከበባል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ይህ አጥር በሰከንድ እስከ 32 ሜትር የሚጓዝ መዶሻን ማቆም መቻል አለበት ይላል፤ ይህ በሰዓት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ ቢያንስ 7 ሜትር፣ ከፊት ያሉት ተንቀሳቃሽ በሮች ደግሞ 10 ሜትር መድረስ አለባቸው። ወርዋሪው በሰዓት አቅጣጫ ወይም በተቃራኒው እንደሚሽከረከር ታይቶ ከሁለቱ በሮች አንዱ ይዘጋል፤ ምክንያቱም ያመለጠ መዶሻ የሚሄድበት አቅጣጫ በዚያ ይወሰናል።

ደንቡ ማቆም ብቻ አይበቃም ይላል፤ መዶሻው ወደ ወርዋሪው ተመልሶ መንጠር የለበትም። ለዚህ ነው ይህ መረብ እንደ መጋረጃ ረግቦ የሚንጠለጠለው። የተወጠረ ቢሆን ኖሮ የመረብ ኳስ መረብ ኳስን እንደሚመልስ ሁሉ መዶሻውን ወደ ሰውየው ይመልሰው ነበር።

የመርገብን ጥቅም በቁጥር ለማየት የበረዶ ሸርተቴ ቁልቁለት ውድድር ይሻላል። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ተወዳዳሪ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ ሚዛኑን ሳተ እንበል። ከፊቱ ያለው ነገር በግማሽ ሜትር ውስጥ ካቆመው፣ በአካሉ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን ጭነት እንደመሸከም ነው፤ ይህ አጥንት ሊሰባብር ይችላል። ያው ሰው በ10 ሜትር ውስጥ ቀስ እያለ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ይወርዳል። የራሱን ክብደት አራት እጥፍ ያህል ነው፤ ይጎዳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገድልም። ፍጥነቱ አልተለወጠም፣ ሰውየውም አልተለወጠም። የተለወጠው ለማቆም የተሰጠው ርቀት ብቻ ነው። የተወረወረለትን እንቁላል የሚቀልብ ሰው እጁን ወደ ኋላ እየሳበ የሚይዘው በዚሁ ሕግ ነው።

የሸርተቴ ውድድር አዘጋጆች ይህን ርቀት የሚያገኙት በሁለት ዓይነት መረብ ነው። አንዱ ገደል ባለበትና ተወዳዳሪው ፈጽሞ ማለፍ በሌለበት ቦታ ከረጃጅም ምሰሶዎች በብረት ገመድ የሚንጠለጠል ረጅም ቋሚ መረብ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ወደ 2 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን በቀላሉ በሚተጣጠፉ ዘንጎች በረዶው ላይ ይተከላል። ሰው ሲመታው ዘንጎቹ ከበረዶው እየተነቀሉ መረቡ አብሮት ይሄዳል። አንድ ረድፍ ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ከሌላው ኋላ በተርታ ይቆማሉ፣ የመጀመሪያው ጥቂት ፍጥነት ይወስዳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል፣ ሦስተኛው ያስቆማል። ከመሬት ተነቅሎ መውደቁ ድክመት አይደለም፤ የተሠራው እንዲነቀል ነው።

ተመልካችን የሚጠብቁ መረቦች የመጡት ዘግይተው ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች እይታችንን ይጋርዳል ብለው ይቃወሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ በበረዶ ሆኪ ጨዋታ ላይ አንዲት የ13 ዓመት ታዳጊ አቅጣጫ ስታ በወጣች የጨዋታው ጠጣር ዲስክ ተመትታ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። የሰሜን አሜሪካ ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ከቀጣዩ የውድድር ዘመን ጀምሮ ከሁለቱ ግቦች በስተጀርባ መረብ እንዲሰቀል አዘዘ። በቤዝቦልም ተመልካቾች በተደጋጋሚ ከተጎዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የከፍተኛው ሊግ 30 ቡድኖች በሙሉ መረባቸውን ተጫዋቾች እስከሚቀመጡበት ጫፍ ድረስ አራዘሙ። እነዚህ መረቦች ባብዛኛው በቀጭን ጥቁር ክር ይሠራሉ፤ ጠቆር ያለ ክር ከነጭ ይልቅ ዓይን አሻግሮ ለማየት ይመቸዋል። የእግር ኳስ መረብ ነጭ የሚሆነው ራሱ መታየት ስላለበት ነው። የባድሜንተን መረብም ክሩ ጠቆር ያለ፣ የላይኛው ጠርዙ ግን ነጭ ነው፤ ተጋጣሚን አሻግሮ ማየት ይፈለጋል፣ የድንበሩ ጫፍም መለየት አለበት።

ከሦስቱ ክፍሎች የማይገቡ መረቦችም አሉ። የክሪኬት ልምምድ የሚካሄድባቸው በመረብ የታጠሩ ጠባብ መስመሮች ኳስ የሚያባርር ሰው ሳያስፈልግ መቺው ሙሉ ቀን እንዲለማመድ ያስችሉታል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ባስጀመሩት ላክሮስ ጨዋታ ደግሞ መረቡ በዱላው ጫፍ ላይ ታስሮ የተጫዋቹ እጅ ይሆናል።

ክሩ፣ ቋጠሮውና አሰቃቀሉ

የጥንቶቹ መረቦች ከጥጥና ከቃጫ መሰል ጭረቶች ይሠሩ ነበር፤ ውኃ ይጠጣሉ፣ ይበሰብሳሉ። ዛሬ በብዛት የሚገኙት ከናይለን፣ ከፖሊኤቲሊንና ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው። ናይለን ጠንካራና ተለጣጭ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይጠጣም፣ ግን የፀሐይ መከላከያ ካልተጨመረበት የፀሐይ ጨረር ያደርቀዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ወለል እጅግ ከፍ ያለ ከተማ ጨረሩ ይበረታል፤ ስለዚህ መረብ የሚገዛ ክለብ ወይም ትምህርት ቤት የክሩን ውፍረት ብቻ ሳይሆን ከጨረር መከላከያ ያለው መሆኑንም ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል። ውድድር በሌለበት ወቅት መረቡን አውርዶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥም ዕድሜውን ያረዝመዋል። መረብ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ቋጠሮው አጠገብ ነው፤ ክሩ ተጣጥፎ የሚታጠፍበት ቦታ ስለሚዳከም። ያለ ቋጠሮ የተሸመኑ መረቦች የተፈለጉትም ለዚህ ነው፤ ቆዳም አይልጡም።

አሰቃቀሉ ደግሞ ከመረቡ ያላነሰ ትኩረት ይፈልጋል። መረቡን ከግቡ ብረት ጋር በብረት መንጠቆ ማያያዝ የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ግብ ጠባቂ ሲወድቅ ወይም ልጅ ሲንጠላጠል መንጠቆው ሥጋ ይቦጭቃል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2007–08 የውድድር ዘመን ጀምሮ ታግዷል፤ የፕላስቲክ መያዣ ወይም ጠንካራ ማሰሪያ ይበቃል።

መረብ የሚስበውን ኃይል ሁሉ ወደታሰረበት ነገር ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድ ቦሩሲያ ዶርትሙንድን በሳንቲያጎ ቤርናቤው ሊገጥም ሲል ደጋፊዎች ከግቡ ጀርባ ያለውን አጥር ወጥተው ጎተቱት። መረቡ ከአጥሩ ጋር ታስሮ ነበርና አጥሩ ሲሳብ መረቡ ተሳበ፣ መረቡ ሲሳብ ግቡ ራሱ ተገንድሶ ወደቀ። ከልምምድ ሜዳ ሌላ ግብ እስኪመጣ ድረስ ጨዋታው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። እዚያ ማንም አልተጎዳም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ የሚቆሙ ተንቀሳቃሽ ግቦች ግን ልጆች መረቡ ላይ ሲንጠላጠሉ ወደፊት ይገለበጣሉ፤ በተለያዩ አገሮች የልጆች ሕይወት ጠፍቶበታል። የኋላው እግር በመሬት ውስጥ በተቀበረ መቀርቀሪያ ወይም አሸዋ በተሞላ ከባድ ከረጢት ሳይያዝ መረብ ሊሰቀልበት አይገባም፤ ይህንንም ከእያንዳንዱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በፊት በእጅ ገፍቶ ማረጋገጥ የመምህሩ ሥራ ነው።